ሦስት ጣት ተብሎ የተጻፈ ሆድ

የካቲት 11 ቀን

ይድረስ በሰው አገር ላለሽው ለእህቴ ልጅ፣ ለምላጬ

እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ የስፌት መኪናዎችና መስኮቱ ላይ የቆመው ራስ የሌለው አሻንጉሊት ሁላችንም ደህና ነን። ፈጣሪ አንቺንም በወጣሽበት ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ከስለት፣ ምላስሽን ከአለቃሽ ጆሮ ያርቅልሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ ሳነሳ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ግማሹን ትሰማለች፤ የቀረውን ግማሽ ራሷ ትሞላዋለች። ወረቀት ግን የሚያወራው ለከፈተው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ደንበኛዬ ነው። ሰውየው የተከበረ፣ ቁመናው ያማረ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንጀቱ ተቋጥሮ ሆዱ ተከፈተ፤ ተሰፍቶም ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ስፌቱ ከውስጥ ተተረተረ። ቆዳው እንኳ በደንብ ድኗል፣ ጠባሳውም በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ የተለያየው ከሥር ያለው ገበር ነው። አሁን ሰውየው ሲቆም ከእምብርቱ በላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ነገር ብቅ ይላል፤ ሲተኛ ደግሞ እንዳኮረፈ እንግዳ ሳይሰናበት ይገባል። ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል። ሠፈሩ ሌላ ስም አለው፤ ለአንቺ አልጽፈውም።

ጥፋቱ የደንበኛው እንዳልሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ለከተማው የነገርኩት እኔ ነኝና። ያ ሐኪም የሰፋው በበሰበሰ ክር ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ክር በጥርሴ የበጠስኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ክር አስተማሪ አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙን «ዶክተር ብጥስጥስ» ብዬዋለሁ። ስሙ እንደሆነ ከሰፋው ስፌት ይልቅ ጸንቶለታል።

አሁን በሰኔ ወር ከውጭ የቀዶ ሕክምና ቡድን መጥቶ እንዲህ ያለውን ሆድ ሳምንት ሙሉ ሊሰፋ ነው ተባለ። ደንበኛዬ ሊመዘገብ አስቧል። አንቺ ሆስፒታል ውስጥ ብረት ታበጃለሽና ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ሁለተኛው ስፌት እንደ መጀመሪያው እንዳይተረተር እናንተ ዘንድ ምን ይደረጋል? ሁለተኛ፣ ወርዱ ስንዝር የሆነ ጠንካራ ላስቲክ ካገኘሽ ሁለት ሜትር ላኪልኝ። ለደንበኛው ነው።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ባታውቅም ማለቷ አይቀርም።

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊው


የካቲት 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

የአክብሮት ሰላምታዬ ከመስኮቱ አሻንጉሊት ቀድሞ ለእርስዎ ይድረስ። እትዬን በሁለቱም ጉንጫቸው ይሳሙልኝ። ለደንበኛዎም የተለየ ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ በእርስዎ ወንበር የሚቀመጥ፣ በእርስዎ መነጽር የሚያነብ፣ የእርስዎን ሚስት ያገባ ደንበኛ ከዚህም በላይ መከበር ይገባዋል። ከእንግዲህ «ደንበኛው» እያልኩ አልጽፍም፤ ቀለም ይባክናል።

የጠየቁኝ ነገር የዕለት ሥራዬ ሆኖ ተገኘ። የምሠራው ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከራሴ በላይ ቧንቧው ያልበዋል፤ ማጠቢያው ሲሽከረከር ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብሎን ሁሉ ይደንሳል። እዚያ ተቀምጬ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንዲት መለኪያ እሠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆዳውና ከስቡ ሥር ጡንቻዎቹን የሚይዝ ነጭ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ እርስዎ ገበር ያሉት እሱን ነው። ያ ሽፋን መሐል ላይ ሲቀደድ የጎን ጡንቻዎች አንዱን ጠርዝ ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ይጎትቱታል፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር ደግሞ እነሱ ራሳቸው ያጥራሉ። ሐኪሙ ሁለቱን ጠርዞች መሐል አምጥቶ ማገናኘት አለበት። በግድ ተወጥሮ ከተሰፋ ክሩ የመርከብ ገመድ ቢሆን አይጠቅምም፤ ክሩ ሳይበጠስ ሥጋውን እንደ ሽቦ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጥያቄው የክሩ ጥንካሬ ሳይሆን የውጥረቱ መጠን ነው። እስከ ዛሬ ውጥረቱን የሚያውቀው የሐኪሙ እጅ ብቻ ነበር።

የእኛዋ መለኪያ ጠርዙን የምትይዝ መቆንጠጫና ሞላ ያለው እጀታ ናት። ጠርዙ እስከ መሐል ሲሳብ ስንት ኪሎ እንደጠየቀ ታነባለች። ቁጥሩ ከበዛ ሐኪሙ በግድ አይሰፋም፤ በጎን ካሉት የጡንቻ ንብርብሮች አንዱን ያላቅቃል፣ እርስዎ የጠበበ ኮት ጎኑን ፈትተው እንደሚያሰፉት። ከዚያ እንደገና ይለካል።

የእጁን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን ስድስት ሐኪሞች ጠርተን በእንጨት ሳጥን ላይ የወጠርነውን ላስቲክ እየሳቡ እንዲገምቱ አደረግን። አንዱ አራት ኪሎ አለ፤ አንዷ ዘጠኝ አለች፤ ሌላው «ምንም አይል» አለ፤ እሱ ደግሞ ቁጥር አይደለም። ከሁሉ የሚበልጡት፣ አንጋፋው የምንላቸው፣ እጄ የሠላሳ ዓመት እጅ ነው ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት ሲሉ ፈረዱ። መለኪያዋ ሰባት አለች። አንጋፋው መለኪያዋ ትጠገን ብለው አዘው ወጡ። በማግስቱ በጓሮ በር መጥተው አንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰጠኝ አሉ።

ወደ እናንተ የሚመጣው ቡድን ከእኛው ሆስፒታል ነው፤ መለኪያዋም አብራው ትመጣለች። ስለዚህ አሁን ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ጀርባዎ ላይ ይተኙ፣ ራስዎን ቀና ያድርጉ፣ የክፍተቱንም ስፋት በጣት ያስለኩ። ከአራት ጣት በታች ከሆነ ያለ ምንም ዝግጅት አንድ ሰዓት ብቻ በሚፈጀው ቀዶ ሕክምና ተራ ይገባሉ። ከአራት በላይ ከሆነ ግን የጎን ጡንቻዎችን ለጊዜው የሚያላላ መርፌ ከወር በፊት፣ እስከ ግንቦት 8 ድረስ፣ በሆስፒታላችሁ መወጋት አለብዎ። ታዲያ የሚለካው ሌላ ሰው ይሁን። ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ላስቲኩ በዚሁ ፖስታ አለ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 15 ቀን

ለምላጬ፣ ስለትሽ ሳይዶለዱም ይህ ይድረስሽ

ልክ ልኬን ነገርሽኝ፤ ተቀብያለሁ። ደንበኛው እኔ ነኝ። ላስቲኩም ግሩም ነው፤ እድሜሽ እንደሱ ይሳብ።

ቁጥሩን ላሳውቅሽ፤ ሦስት ጣት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄጄ በተራዬ ገባሁ። ነርሱ የቡድኑን ቅጽ አወጣ፣ አልጋው ላይ አስተኛኝ፣ ሜትሩን ከኪሱ መዘዘ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። የለበሰው ሱሪ የእኔ ስፌት ነው፤ አባቱ የተዳሩበትም ኮት የእኔው ነው። ከተማውን ሁሉ የለካ ሰው እዚህ ተኝቶ እኔ ሜትር ብዘረጋ ነውር ነው አለና ሜትሩን ለእኔው ሰጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ራሴን ቀና አድርጌ ለካሁ። ሦስት አልኩት፤ ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙን ረገጠበት። ሌላ ሰው ይለካ ያልሽውም ተፈጽሟል። እኔ ሜትር ስይዝ ሌላ ሰው ነኝ፤ ራሴን ጨምሮ ዘመድ አላውቅም።

ስለ መለኪያችሁ አንድ ምክር አለኝ። መቆንጠጫችሁ አፉ ጠባብ ከሆነ ቁጥራችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። ከአንድ ነጥብ የተጎተተ ጨርቅ ስለ ነጥቡ እንጂ ስለ ጨርቁ አይመሰክርም፤ ክሩ ይነቀላል፣ ሞላው ይዋልላል፣ እናንተም የተነቀለውን ክር ለክታችሁ ጨርቅ ለካን ትላላችሁ። አፉን ሁለት ጣት አስፉት፤ ውስጡንም ጨርቅ እንዳይበላ ለስላሳ አልብሱት። ይህን ለአንጋፋው ንገሪልኝ፤ በጓሮ በር ሳይመጡ ይማሩ።

ደግሞ ሌላ ነገር። በላክሽልኝ ላስቲክ አንድ የሆድ መታጠቂያ ሠርቻለሁ። ሱቅ የሚሸጠው ሆድን እንደ ጆንያ ነው የሚያስረው። የእኔው ሁለት የጎን ክንፍ አለው፤ በፊቱ በኩል ደግሞ ክፍተቱ ላይ ጠርዝ በጠርዝ የሚያርፍ፣ አንድ ክር የማያልፍ፣ አንድ ክር የማይጎድል ልባድ ተሰፍቶበታል። ለብሼው ስሄድ ሰው ሁሉ ከስቻለሁ ይለኛል። ንድፉን ሙሉ ልኩን ጠብቄ በቡኒ ወረቀት ቆርጬ አጣጥፌ ልኬልሻለሁ። ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ሐኪሞቹ ይዩት።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ያን መርፌ በእኛ ሆስፒታል የሚወጋው ማነው? ለእኔ እንኳ አያስፈልገኝም። ሰው ጠይቆኝ ነው።

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊውና የመታጠቂያ ፈልሳፊው


ሚያዝያ 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥራለሁ፤ ከምርቃቱ ግን አልቀንስም። ጤና ይስጥልኝ፤ ጤና ደግሞ መደበቅ አይወድም።

መጀመሪያ ምስጋናውን። የመቆንጠጫውን አፍ እንዳሉት አሰፋነው፣ ውስጡንም ለስላሳ አለበስነው። ቁጥሩ መዋለል አቆመ። ሦስት ወር ያንገበገበን ችግር ነበር። ሐሳቡ የእርስዎ መሆኑን መዝገብ ላይ አስፍሬያለሁ፤ ሥራዎን ምን ብለው እንደሚጽፉ ሲጠይቁኝ «ልብስ ሰፊ» ብዬ አጻፍኳቸው፤ ማንም አልሳቀም።

ንድፉንም ለጥፌው ስድስቱም መጥተው አዩት። አንጋፋው እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ብዙ ከቆሙ በኋላ ይህን ሰው እንቅጠረው አሉ።

ሁሉም ሲወጡ ንድፉን ከግድግዳው አወረድኩና ልባዱን ለካሁት።

ሰባት ጣት ነው አጎቴ።

ትንሽ ሆኜ ከጠረጴዛዎ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ሁሉን አይ ነበር። ደንበኛ ፊት ሜትሩን ወገቡ ላይ ይጠመጥማሉ፣ «ዘጠና» ብለው ጮክ ብለው ይጽፋሉ፣ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ሲቆርጡ መቶ ይቆርጣሉ። ልብሱም ልክክ ይላል። መጽሐፍዎ ይዋሻል፤ መቀስዎ ግን አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ደብቆ ሲያበቃ ንድፉን በፖስታ የላከ ግን ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሰባት ጣት ተለያይቶ ያለ መርፌ በአንድ ሰዓት ተራ ከገቡ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ እንደ ከፈቱ ይዘጉና ይመልሱዎታል፤ ወይ በግድ ስበው ይሰፉታል። በግድ የተሰፋው ይቀደዳል። ሦስተኛ ጊዜ ለመስፋት ደግሞ የሚያዝ ጠርዝ ላይገኝ ይችላል፤ የተበላሸ ጨርቅ ቢሆን ሌላ ይገዙ ነበር።

መርፌውን ማን እንደሚወጋ ጠይቀውኝ ነበር። የሆስፒታላችሁ ዋና ሐኪም ናቸው። በመዝገቡ ላይ በሙሉ ስማቸው ነው የተጻፉት፤ እርስዎ ያወጡላቸው ስም አልሰፈረም። ለምን ሦስት እንዳሉ ያኔ ገባኝ። ከአራት በታች ከሆኑ እሳቸውን ሳያዩ ያልፋሉ።

እስከ ግንቦት 8 ድረስ ሦስቱን ሰባት ያድርጉት። ሄደው ይንገሯቸው።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ በአምስት ቀን ይደርሳል። መልስዎ አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ከሆነ ፖስታ ቤቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እትዬ ዘንድ ደውዬ ነበር፤ ደህና ነው፣ የዳኞች ካባ እየቆረጠ ነው አሉኝ፤ የቀረውን ግማሽ ሳይሞሉ ዘጉት። የእትዬ ንግግር እንዲህ ሲያጥር አላውቅም።

አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ላስቲክ ይጠይቁኝ፣ ክር ይጠይቁኝ፣ ስለ መለኪያዬ ይዝለፉኝ። ዝም አይበሉኝ እንጂ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 6 ቀን

ለምላጬ

ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ ስለመጣ ቆሞ ሰላም ይበልሽ።

ዝም አላልኩም። ሰባት ደብዳቤ ጽፌ ሰባቱንም ለሸሚዝ አንገት ንድፍ ቆረጥኩባቸው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን ነገር መያዝ ካቆመ አራት ዓመቱ መሆኑን ዘነጋሁት።

ክሩ አልበሰበሰም ነበር። ሐኪሙ ሦስት ወር ከሻይ ብርጭቆ የከበደ እንዳታነሳ ብሎኝ ነበር። በሃያ አንደኛው ቀን ትልቁን የስፌት መኪና ከነብረት እግሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ለብርሃኑ ብዬ ብቻዬን አነሳሁት። ውስጤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ አሰማኝ። ያን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ክሩ ነው አልኳት። ከዚያ ለአንድ ደንበኛ ነገርኩ፣ ከዚያ ለሁለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔን ሁለቱም አግኝተውኛል።

ሦስት ጣት ስል ከልማዴም ነው። ግን አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ሰውየውን ላለማየት ነው።

ፈጣኑ ደብዳቤሽ ሲደርስ ባለቤቴ ቀድማ ከፈተችው። የፊተኛውንም ከካባዎቹ ሥር አግኝታ አንብባው ኖሯል። አልጮኸችም። መቀሱን ከእጄ ወሰደችና እንዲህ አለችኝ፦ «ወይ ሂድና ንገረው፤ ወይ እኔ በስልክ እነግረዋለሁ። እኔ ስነግር ደግሞ ግማሹን ከራሴ ነው የምጨምረው።»

ሄድኩ። ያ ኮሪደር እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከትከሻ በላይ ነጭ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አረንጓዴው ምን ያህል ሜትር እንደሚሆን ሦስት ጊዜ አሰላሁ። ተራዬ ደረሰ። ሦስት ሰው በሩ ላይ እያለ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ቆሜ ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ ክሩ ደህና ነበር። መኪናውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በሦስት ሳምንት የተቀደደ ስፌት ሁሉ አንድ ነገር ያነሳ ባለቤት አለው» አሉኝ። «አራት ዓመት ልጠይቅህ የፈለግሁት ምን እንዳነሳህ ነው። ስንት ኪሎ ነው?»

«ሠላሳ።»

«እውነተኛውን።»

«ሠላሳ ስምንት» አልኳቸው።

በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ተነፈሱ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ሠላሳ ስምንት ብለው ጻፉ፤ አስተኙኝ፤ በገዛ ጣታቸው ለኩ። ሰባት ተኩል። ግማሿን እኔም አላውቃትም ነበር፤ ለካ ንድፌም ትንሽ ጨዋነት ተጫጭኖታል። የጤና ጣቢያውን ቅጽ አስመጥተው ሦስቱን ሰረዙ፣ ነርሱን ጠርተውም ከእንግዲህ ለሚለካው ሜትሩን እንዳይሰጥ አዘዙት። ትናንት መርፌውን ወጉኝ፤ በስክሪን እያዩ፣ በግራ ሦስት ቦታ፣ በቀኝ ሦስት ቦታ። እጃቸው ቀላል ነው። ይህን የምልሽ ስለ እጅ ስለማውቅ ነው።

አሁን ደንበኛ በገባ ቁጥር ክሩ ደህና እንደነበር እናገራለሁ። ውሸቴን በአንድ ቀን ያመነ ከተማ እውነቴን በሳምንት አላመነም። እንዲህ የሚለው ሐኪሙ ጉቦ ሰጥተውት ነው የሚሉም አሉ።

ከእንግዲህ ላስቲክ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ቀኑ ሲያልፍ መለኪያሽ ያነበበችውን እንዳለ ጻፊልኝ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ አንድ ግራም አትቀንሺ።

አጎትሽ


ሰኔ 29 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለዚህ አበቃዎ። እትዬ በስልክ ሁሉንም ነግረውኛል፤ ከግማሹ በላይ ሞልተው። ስለዚህ ከመዝገቡ እገለብጣለሁ።

ሰኔ 12 ቀን፣ ሆድ ቁጥር አርባ ሁለት። የቀኝ ጠርዝ፣ እስከ መሐል፣ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። የግራ ጠርዝ፣ አራት ኪሎ። መርፌው ባይኖር ስንት ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍልዎም።

እዚህ ላይ መዝገቡ ያልጻፈውን የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ነገረችኝ። አንጋፋው ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ጠርዙን በእጃቸው ሳብ አድርገው ይመጣል፣ እንስፋው አሉ። እሳቸው ሲፈርዱ ማንም አይከራከርም። ከአልጋው ማዶ የቆሙት የእርስዎ ሐኪም ነበሩ። እርስዎ ሰባት ተኩል ጣት ባይሆኑ ኖሮ እሳቸው እዚያ አይቆሙም ነበር፤ ሦስት ጣት ሌላ ክፍል ነው የሚሰፋው።

«ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አሉ ሐኪምዎ።

ስድስት ከሁለት መቶ ተነበበ። አንጋፋው መለኪያዋን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ መቀስ ተቀበሉ። የቀኙን ጎን አላቀቁ፤ ሦስት ኪሎ ሆነ። የግራውንም አላቀቁ። የመጨረሻው ንባብ፣ ቀኝ ሁለት ኪሎ፣ ግራ አንድ ኪሎ ተኩል። ጠርዞቹ መሐል ላይ ሳይጎተቱ ተገናኙ። ከሥር ማጠናከሪያ መረብ ዘርግተው፣ ከላይ በአጫጭር ስፌት ሰፉት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

በስንት ኪሎ እንደሚያዝ፣ በስንት እንደሚቀደድ ቁርጥ ያለ መስመር ገና የለንም። አርባ ሁለት ሆድ ለሕግ አይበቃም። መለኪያዋ የምታውቀው የተሰፋበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው ከእርስዎ ነው። አጎቴ፣ ሦስት ወር። ከሻይ ብርጭቆ የከበደ የለም።

ከላይ ካለው ሁሉ አንድ ግራም አልቀነስኩም።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 18 ቀን

ለምላጬ፣ በቁመትሽ ልክ ጤና፣ በምላስሽ ልክ እድሜ ይስጥሽ

ሦስት ወር ሞላኝ። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ያነሳሁት መርፌና ሐሜት ብቻ ነው፤ ሐሜቱንም ባለቤቴ ከባድ የመሰላትን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። የዳኞቹን ካባ ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ እጀታውን ሲያጣምመው ከወንበሬ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ከቀዶ ሕክምናው የበለጠ ያመመኝ እሱ ነው።

ትናንት ዶክተሩ ከሥራ ሲወጡ ሱቄ ጎራ አሉ። ካርድ አውጥተህ ተሰለፍ ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። በሩን ዘጋን፤ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ባለቤቴ ጠረገችው፤ በላዩ ተጋደምኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ያጋደምኩበት ጠረጴዛ ነው፤ ከላዩ ሆኖ ጣሪያውን ማየት ለካ ሌላ ነገር ነው፤ ጥግ ላይ ያለችውን የሸረሪት ድር ለባለቤቴ ልጠቁማት ስል ዶክተሩ ዝም በል አሉኝ።

ራስህን ቀና አድርግ አሉ፤ አደረግሁ። አራት ጣታቸውን ጠባሳው ላይ አሳረፉ። አሁን ሳል አሉኝ።

ምላጬ፣ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው ከእርስዎ ነው ብለሻልና እንዳለ ነው የምነግርሽ። እዚያ ድረስ የመጣው ሁሉ በአንድ ሳል ሊቀደድ ነው ብዬ ከጉሮሮዬ ጫፍ ላይ እህ አልኩ፤ በሰው ቢሮ በር ላይ እንደሚቆም ሰው።

ዶክተሩ ጣታቸውን ሳያነሱ አዩኝና «ይህ ሳል አይደለም፣ ማመልከቻ ነው» አሉ።

ቀድማ የሳቀችው ባለቤቴ ናት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው፣ ኮስተር እንዳሉ ከትከሻቸው ጀመራቸው። ከዚያ እኔን ያዘኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሆዴን በሁለት እጄ ሳልደግፍ ስቄ አላውቅም፤ እጆቼን ስፈልጋቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ግራና ቀኝ ጨብጠዋል፣ አንዱም አልታዘዝ አለኝ። ሳቁ ደግሞ አላቆም አለ። ሳልም ጨመረበት፤ እውነተኛው ሳል፣ ጠረጴዛው የሚንቀጠቀጥበት።

ዶክተሩ ጣታቸውን ከዚያው ሳያነሱ እስክጨርስ ጠበቁ። አንዴ ጫን አደረጉ። ከላይ እስከ ታች በዝግታ ሄዱበት፤ መልሰውም ሄዱበት።

«ያዘ» አሉ።

መዝገብሽ ላይ አርባ ሁለት ቁጥር ፊት ይህን ጻፊበት።

አጎትሽ፣ ከነሙሉ ልኩ